የወንድሜ ቁራጭ በለውዝ ቅቤ ጠርሙስ

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች፣ ለፓቶሎጂ ክፍሎች፣ እንዲሁም ለሰፈራችን ጤና ጣቢያዎች

ጉዳዩ፦ በቀዶ ሕክምና ከሆድ የወጣ ነገር ለአስታማሚ ስለሚሰጥበት ሁኔታ

ጤና ይስጥልኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። የውሃ ቆጣሪ፣ የልጅ ዝውውር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የጠፋ መታወቂያ። ለራሴ ግን ጽፌ አላውቅም። ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጠርሙስ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ሴራሚክ ሠራተኛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ የሚውል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱን ሲያመው ኖሯል። መጣ ሄድ የሚል ሕመም ነው። አንድ ሳምንት ያሠቃየዋል፣ ከዚያ ሁለት ወር ይጠፋል። እኛ ሰፈር ደግሞ ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ ወይ ጨጓራ ነው ወይ ታይፎይድ። ሦስተኛ የለም። ታይፎይድ ሦስት ጊዜ "ተገኘበት"፣ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ጨረሰ። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል ዋጠ፣ እናታችን ተልባ በጠበጠችለት፣ አንዱ ደግሞ ቡና አቁም አለው። ቡናውን አላቆመም፣ ሕመሙም አልቆመም።

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልሆነም። ከእንብርቱ በታች በቀኝ በኩል ይዞት ቁጭ ብድግ ማለት አቃተው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ራይድ አልገኝ አለ፣ የጎረቤት መኪና አስነስተን ሄድን። ሆስፒታሉን አልጠራም። ስም ጠርቼ ሰው ማሳጣት አልፈልግም፣ ደግሞም ልጁን ያተረፉት እነሱ ናቸው።

"ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ይገባል" አሉን። ገባ።

ሊነጋጋ ሲል ሐኪሙ ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። "ትርፍ አንጀቱ ደህና ነበር። ሌላ ነገር ነው ያገኘነው፣ አውጥተነዋል፣ ደህና ይሆናል" አለኝ። ምን ሌላ ነገር ብዬ ሳልጨርስ ሌላ ድንገተኛ መጣበትና ተመልሶ ገባ። አልፈርድበትም። ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ አንዲት ሲስተር መጣች። "አስታማሚዋ አንቺ ነሽ? ፎርማሊን ገዝተሽ ነይ። አፉ ሰፊ ጠርሙስም ይዘሽ ነይ" አለችኝ። ፎርማሊኑን፣ የተቆረጠ ሥጋ እንዳይበላሽ የሚነከርበትን ፈሳሽ፣ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ፋርማሲ አገኘሁ። ጠርሙስ ግን የለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ የተከፈተው አንድ ሱቅ ብቻ ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት የለውዝ ቅቤ ነበር። ገዛሁ። ለውዝ ቅቤውን በፌስታል ገለበጥኩና ጠርሙሱን በሆስፒታሉ ቧንቧ አጠብኩ። ሳሙና አልነበረም፣ በእጄ ነው ያሸሁት። ቅባቱ እንቢ ይላል። ያን ጊዜ እያለቀስኩ ነበር ብል ማንም አያምነኝም፣ ምክንያቱም እየሳቅኩም ነበር።

ጠርሙሱ ወደ ውስጥ ገባና ሞልቶ ተመለሰ። አውራ ጣት የምታህል የአንጀት ቁራጭ። ጫፏ ላይ ከሽምብራ ከፍ የምትል እብጠት አለች። ክዳኑ ላይ በፕላስተር የወንድሜ ስም ተጽፏል። ሌላ ምንም የለም። "ወስዳችሁ አስመርምሩ" ተባልኩ። የት? እስከ መቼ? ባላስመረምርስ ምን ይሆናል? አልተነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በዚያ ሰዓት ሰው የሚጠይቀው ልጁ ነቃ ወይ ብሎ ነው።

በአራተኛው ቀን ወጣን። የመውጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሐኪም እጅ ጽሑፍ። እኔ የሰው እጅ ጽሑፍ አንብቤ የምኖር ሰው ነኝ። ያንን ግን አልቻልኩትም።

ወንድሜ ዳነ፣ ቁስሉ ደረቀ። ጠርሙሱን ብፌው ላይ ከሲኒዎቹ ኋላ አስቀመጥነው። "ወጥቶ የለ እንዴ? ከወጣ በኋላ ምን ያደርግልናል?" አለ ወንድሜ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። የመድኃኒቱ ወጪ አድቅቆናል፣ እሱ ሥራ አይሠራም፣ የቤቱ ኪራይ ደርሷል። የተቆረጠ ሥጋ ለማስመርመር ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት መሰለን።

እናታችን ደግሞ ሌላ ሐሳብ ነበራት። ቡና ባፈላች ቁጥር ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ ያርፋል። "የሰው ገላ እኮ ነው። እንዴት ከሲኒ ጋር ይቀመጣል? ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይቀበር" ትላለች። እትብት እንደሚቀበረው ማለቷ ነው። አንድ ቅዳሜ በነጭ ጨርቅ ልትጠቀልለው ስትል ነው የደረስኩት። ሰኞ ይሁን ብዬ አስቀረኋት። ለምን እንዳስቀረኋት አላውቅም። ዝናብ ስለነበረ ይመስለኛል።

እሑድ አራተኛ ፎቅ ያለች ጎረቤታችን ለቡና መጣች። ነርስ ናት። ጠርሙሱን አየችው። እንደ እኔ የለውዝ ቅቤ ጠርሙስ አይደለም ያየችው። "ይሄ ስንት ቀኑ ነው?" አለች። ቆጠርን። አሥራ ዘጠኝ። ወረቀቱን አምጪ አለችኝ፣ አነበበችው፣ ሲኒዋን አስቀመጠች። "ነገ ጠዋት ይዘሽ ትሄጃለሽ። ነገ ነው ያልኩሽ።"

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሱን በሁለት ፌስታል አድርጌ በታክሲ ወጣሁ። እስከ ቃሊቲ፣ ከዚያ ሳሪስ፣ ከዚያ መስቀል አደባባይ። ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። ረዳቱ አይቶ "እህቴ፣ ማር ነው እንዴ? አቅምሺን እንጂ!" አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምን ልበል?

ላቦራቶሪው ደረስኩ። እንግዳ ተቀባይዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "የምርመራ መጠየቂያ ቅጹስ?" የሚል ነበር። ቅጽ! ቀኑን ሙሉ ቅጽ የምሞላ ሰው ያለ ቅጽ ሄጃለሁ። አልሰጡኝም አልኳት። "ከየትኛው የሰውነት ክፍል የወጣ ነው?" "ከሆድ።" "ከሆድ የት?" "ከሆድ ውስጥ።" ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ወረቀቱ ላይ "ከሆድ" ብላ ጻፈች።

ከአሥር ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ። ፓቶሎጂስቱ፣ ቁራጩን የመረመረው ሐኪም፣ ራሱ ነው። ይህን ሰው አልረሳውም። ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኝ፣ አንዴም አልተቻኮለም። የሚከተለውን ያወቅኩት ግማሹን ከእሱ፣ ግማሹን በኋላ ከወንድሜ ሐኪሞች ነው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የምጽፈው ደብዳቤውን ለሚያነበው ለሌላው ሰው ነው።

ፅንስ ገና ጥቂት ሳምንታት እንደሆነው አንጀቱ ከአስኳል ከረጢት ጋር በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። ቱቦው የሚያልፈው በእንብርት መንገድ ነው። ሰባተኛው ሳምንት ግድም ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። ከ100 ሰው በሁለቱ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ አንድ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀራል፣ ትንሹ አንጀት ከትልቁ ከሚገናኝበት 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ። ሐኪሞች ሜክልስ ዳይቨርቲኩለም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1809 ከየት እንደሚመጣ የገለጸው ሜክል የሚባል ጀርመናዊ የአካል አጥኚ ስለነበር ነው።

ስልኩን ይዤ የእናቴ ነጭ ጨርቅ ነው ትዝ ያለኝ። እንደ እትብት ልቅበረው ያለችው ነገር ለካ በእትብቱ መንገድ የቀረ ቁራጭ ነበር! የእናት አንጀት አይስትም ልበል? ስቷል እንጂ፣ ቀብራው ቢሆን።

እዚህ ላይ ማንም እንዳይደነግጥ። ከረጢቱ ያላቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሳያውቁት ኖረው ሳያውቁት ያልፋሉ። ጣጣ ሲያመጣ ግን ብዙ መልክ አለው። አንዳንዴ ውስጡ የጨጓራ ሽፋን ይበቅላል። በማይገባው ቦታ አሲድ ያመነጫል፣ ጎን ያለውን አንጀት ያቆስላል። ሕፃን ልጅ ሕመም ሳይኖረው ድንገት ብዙ ደም ከሰገራ ጋር ካየ አንዱ የሚጠረጠረው ይሄ ነው። አንዳንዴ ይቆጣና ቁርጥ ትርፍ አንጀት ይመስላል። አንዳንዴ አንጀት ይቋጥራል። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ካንሰር ይበቅልበታል። ከትርፍ አንጀት ሌላ ትርፍ አንጀት፣ በዚያ ላይ ትርፍ ጣጣ።

ምን ያህል አልፎ አልፎ? አሜሪካኖች ከ1973 እስከ 2006 ያለውን የካንሰር መዝገባቸውን አገላብጠው በዚህ ከረጢት ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው 163 ሰዎች ነው ያገኙት። በዓመት ከ10 ሚሊዮን ሰው ከሁለት በታች ማለት ነው። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላ ቁጥር አለ። ስፋትን ከስፋት ሲያነጻጽሩት ከረጢቱ ከዙሪያው ካለው አንጀት ይልቅ ቢያንስ 70 እጥፍ ለካንሰር የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ቦታው ጠባብ ነው፣ የተረበሸ ቦታ ነው። እንግዲህ በጤነኛ ሰው ላይ በአጋጣሚ ከተገኘ ይቆረጥ ወይስ ይተው የሚለውን ሐኪሞች ይከራከሩበታል። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። የእኔ ነገር ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ነው።

የወንድሜ ኒውሮኢንዶክሪን ዕጢ የሚባለው ነው። ድሮ ካርሲኖይድ ይሉት ነበር፣ ካንሰር መሰል እንደማለት። ከረጢቱ ውስጥ ከሚገኙት ካንሰሮች የሚበዛው ይሄው ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ግን ቀርፋፋ ነው ማለት አይሄድም ማለት አይደለም። ወደ ንፍፊት ይሄዳል፣ ወደ ጉበት ይሄዳል። ጉበት ከደረሰ በኋላ የሚረጨው ኬሚካል ፊትን ያቀላል፣ ያስቀምጣል፣ ሲቆይ የልብን በር ይጎዳል። ያን ጊዜም ቢሆን እኛ ሰፈር ፊቱ የቀላው ከፀሐይ ነው፣ ተቅማጡም ታይፎይድ ነው ይባል ነበር።

ያቺ ጫፏ ላይ ያየኋት እብጠት ጠርሙሱ ውስጥ ቀን በቆየች ቁጥር ቢጫነቷ እየለየ መጥቶ ነበር። እኔ ለውዝ ቅቤው በደንብ ስላልታጠበ መስሎኝ ነበር። ፓቶሎጂስቱ "አይ፣ እንዲህ ያለ ዕጢ ፎርማሊን ሲነካው ቢጫ ይሆናል" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከረጢቱ የነበረበት የአንጀት ክፍል ከነንፍፊቶቹ ወጣ። ከንፍፊቶቹ በአንዱ ዕጢው ተገኘ። ጉበቱ ንጹሕ ነው። አሁን በቀጠሮ እየታየ ነው፣ ሥራም ጀምሯል። እነዚያ 19 ቀናት ጎድተውታል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ሐኪሙ አልዋሸኝም። "ለእንዲህ ያለ ቀርፋፋ ዕጢ 19 ቀን ብዙ አይደለም" አለኝ። ስለዚህ አንድ ሆስፒታል ልጅ ገደለብኝ ልላችሁ አልመጣሁም። ልላችሁ የመጣሁት ልጁ የተረፈው በቅዳሜ ዝናብና በእሑድ ቡና ነው ነው።

ደግሞ ይሄ ነገር በተለመደው ምርመራ በቀላሉ አይታይም ነበር። ኢንዶስኮፒ ከላይ ገብቶ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ያያል። ከታች የሚገባው ትልቁን አንጀት ያያል። መሀል ላይ ያለው ረጅሙ አንጀት ለሁለቱም ሩቅ ነው። አልትራሳውንድ ተነሥቶ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ንጹሕ። ከነዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ ሌሊት ሆዱ ተከፍቶ፣ ነገሩ በእጅ ተይዞ፣ ተቆርጦ፣ በጠርሙስ ተሰጠኝ። መልሱ እጄ ላይ ነበር። ጥያቄውን ግን ማንም አልነገረኝም።

አሁን ወደ ልመናዬ።

ከሰው ሆድ የወጣ ነገር ያለ ቅጽ ከቀዶ ሕክምና ክፍል አይውጣ። ለመጽሐፍ የሚበቃ አልጠየቅኩም። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደወጣ፣ ምን እንደተጠረጠረ፣ ማን እንዳወጣው፣ በየትኛው ስልክ እንደሚደወል። ይሄ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ላቦራቶሪው ከሆድ ከሚል ቃል ምን ይነሣል? ያ ሰውዬ ብልህ ሆኖ ነው እንጂ።

ከቅጹ ሥር ደግሞ ለአስታማሚው በአማርኛ ሦስት መስመር ይጨመርልን፣ ዙሪያችን ላለው ሰው በኦሮምኛም ቢሆን ይበልጥ ደስ ይለኛል። እንዲህ የሚል፦ ይህ ቁራጭ ካልተመረመረ ሕክምናው አላለቀም። እስከዚህ ቀን ድረስ ውሰዱ። የሚወሰድበት ቦታ ይህ ነው። እመኑኝ፣ ሰው ቸልተኛ አይደለም። ሰው የሚመስለው "ወጣ፣ ተገላገልን" ነው። ምርመራው የቀዶ ሕክምናው ግማሽ እንደሆነ የሚያውቅ አስታማሚ ስንት ነው? እኔ አላውቅም ነበር፣ ያውም ማንበብና መጻፍ እንጀራዬ ሆኖ።

ጠርሙስና ፎርማሊንም ከክፍሉ ይሰጠን፣ ዋጋውን ክፈሉ በሉን እንከፍላለን። ቀዶ ሕክምናውን ስንከፍል የምርመራውም ክፍያ አብሮ ይታሰብ። ያኔ ያለችንን አራግፈን ስለምንከፍል አንሰማውም። ቤት ከገባን በኋላ ግን ያቺ ገንዘብ ተራራ ትሆናለች። ፎርማሊን ስለሌለ በውሃ የተሰጣቸው ሰዎች እንዳሉም ሱቄ መጥተው ነግረውኛል። ሥጋ በውሃ ራሱን በራሱ ይበላል እንጂ አይቆይም። ፎርማሊኑም ቢሆን የቁራጩን አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት ብለውኛል። በእኔ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ወገቧ ነበር የደረሰው። ብዙ ከቆየ ደግሞ ልዩ ቀለም የመቀባቱ ምርመራ ይከብዳል። የወንድሜ ከብዶ ነበር፣ ተደግሞ ነው የተነበበው።

ጉዞውስ? እኛ ከከተማው ዳር ነን። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ፓቶሎጂ ያለው መሀል ከተማ ነው። በዚህች አገር የቲቢ ተጠርጣሪ አክታ በፖስታ ቤት በኩል ወደ ላቦራቶሪ ሲጓዝ ኖሯል። አክታ በፖስታ ከሄደ የወንድሜ አንጀት ለምን በረዳት እየተቀለደበት በሚኒባስ ይሄዳል? በሳምንት ሁለት ቀን የዳር ሆስፒታሎችን እየዞረ ጠርሙስ የሚሰበስብ አንድ መኪና፣ አንድ ሞተርም ይበቃል። ፓቶሎጂስቶቹ ጥቂት እንደሆኑ አውቃለሁ። እነሱን ወደ እኛ አምጡ አላልኩም። ጠርሙሶቹን ወደ እነሱ አድርሱልን።

ውጤት ሲመጣም ሰውየውን ይፈልገው። ይሄ ስልክ የሌለው ሰው የሌለበት ዘመን ነው። አንድ ጥሪ ነው። ጎረቤቴ ነርስ እንደምትለው "ውጤቱ ደርሷል፣ የወሰደው የለም" የሚል ክምር መሳቢያ ውስጥ አለ። እዚያ ክምር ውስጥ ስንት ወንድም አለ?

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የካንሰር መዝገብ አለ፣ ጥሩ ሥራ ነው። ብፌ ላይ የቀረ ጠርሙስ ግን ወደ መዝገብ አይገባም። የተቀበረውም አይገባም። ከዚያ በኋላ ይሄ በሽታ እኛ ጋ የለም እንላለን።

የጤና ጣቢያዎቻችንን የምለምነው ትንሽ ነው። ሆዱን ለሦስተኛ ጊዜ አሞት የመጣ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ታይፎይድ አይባል። ሪፈር ጻፉለት። ኪሎ ቀንሶ፣ ደሙ አንሶ፣ ወይ ሰገራው ጠቁሮ ከመጣ ደግሞ ሦስተኛውንም አትጠብቁ።

ቅጹን እኔ አዘጋጅቼዋለሁ። ነርሷ ጎረቤቴ አርማኛለች፣ ፓቶሎጂስቱም በስልክ ሁለት ቦታ አስተካክሎታል። ግማሽ ገጽ ነው። የሚፈልግ ሆስፒታል ካለ ሱቄ ይምጣ፣ የመጀመሪያውን አምስት መቶ ኮፒ በነፃ አወጣለሁ። ቶነሩ ውድ ነው፣ ግን ይሁን።

እናቴ እስከ ዛሬ "ያ ቁራጭ የት ደረሰ?" ትለኛለች። ላቦራቶሪው ሰም ውስጥ አድርጎ በቁጥር አስቀምጦታል አልኳት። ከፀጉር የቀጠነ ቅጠል እየቆረጡ በመስታወት ላይ እንደሚያዩት ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ቁጥሩን ጻፊልኝ አለች። ጻፍኩላት። ወረቀቷን አጥፋ ዳዊቷ መሀል አስቀምጣታለች።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈት ሱቋ ባለቤት
ቱሉ ዲምቱ